ቢች ሪዞርት ላይ የቤተሰብ ቁርስ፦ የተካተተ ይሻላል፣ በየቀኑ መክፈል ወይስ ክፍል ውስጥ መብላት?

ሪዞርት ስንመርጥ ክፍሉን እናያለን፣ ገንዳውን እናያለን፣ ባህሩ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ እንጠይቃለን፣ የቁርሱን ነገር ግን "ያካትታል" የሚል ቃል ካየን በቃ እናልፈዋለን። እኛም እንደዛው አልፈነው ነበር። አራት ነን፣ ሁለት ትልቅ፣ አንድ የ8 ዓመት ልጅና አንድ የ4 ዓመት ልጅ። በየጠዋቱ ምግብ ቤቱ በር ላይ የቆመችው አስተናጋጅ የክፍል ቁጥር ትጠይቃለች፣ ስንት ናችሁ ትላለች፣ አራት እንላታለን፣ ወረቀቷ ላይ ጽፋ በፈገግታ ታስገባናለች። ቼክ አውት ቀን ሂሳቡ ሲወጣ "ቁርስ፣ ልጅ" የሚል መስመር ሰባት ጊዜ ተደርድሮ አገኘነው፣ ለካ ሬቱ (የክፍሉ የአዳር ዋጋ) የሚያካትተው ሁለት ትልልቅ ሰዎችን ብቻ ነው። ማንም አልዋሸንም፣ ጥቃቅኑ ጽሑፍ ላይ ተጽፏል። ግን በዛ ብር ልጆቹን ሁለት ቀን ጀልባ ላይ ልናወጣቸው እንችል ነበር፣ እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ከዛ በኋላ በየጉዞው ቁጭ ብዬ ማስላት ጀመርኩ። እዚህ የምጽፈው የትኛው ሪዞርት ጥሩ ቁርስ አለው የሚለውን አይደለም፣ የትኛው የአከፋፈል መንገድ ለየትኛው ቤተሰብ ያዋጣል የሚለውን ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት እነዚህን እዩ

የመጀመሪያው የልጆቹ ዕድሜ ነው። ሪዞርቶች ለምግብ ልጆችን በዕድሜ ይከፍሏቸዋል፣ ብዙ ቦታ ከ5 ወይም ከ6 ዓመት በታች ነፃ ነው፣ ከዛ እስከ 11 ወይም 12 ግማሽ ዋጋ አካባቢ፣ ከዛ በላይ ሙሉ የአዋቂ ዋጋ። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ስለዚህ በግምት እንዳትሄዱ። ሰው የሚሳሳተው ደሞ እዚህ ጋ ነው፣ ለአልጋ የሚቆጠረው ዕድሜና ለምግብ የሚቆጠረው ዕድሜ አንድ ላይሆን ይችላል። "ልጆች በነፃ ያድራሉ" ማለት በነፃ ይበላሉ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የመጨረሻው ዋጋ ነው። ሜኑ ላይ ከቁጥሩ ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ፣ ፕላስ ፕላስ የሚሉት ማለት ነው፣ ሰርቪስ ቻርጅና ታክስ ገና አልተጨመረም ማለት ነው። ለምሳሌ 10 በመቶ ሰርቪስ ተጨምሮ በድምሩ ላይ ደሞ 15 በመቶ ታክስ ቢመጣ፣ 100 ያላችሁት 126.50 ሆኖ ነው የሚከፈለው። ሩቡን ያህል ጨመረ ማለት እኮ ነው፣ ለአራት ሰው ለሰባት ቀን ሲባዛ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው፣ በእውነት ስንት ጠዋት ቡፌ ትሄዳላችሁ? ሳትሸነግሉ መልሱ። በጠዋት ተነስታችሁ የምትወጡበት ጉብኝት አለ? የመጨረሻው ቀን በረራ በሌሊት ነው? 7 አዳር ከያዛችሁ 7 ቁርስ አላችሁ፣ የሚጀምረው ግን ከገባችሁበት ቀን ማግስት ነው፣ የመጨረሻው የሚውለው ደሞ የምትወጡበት ቀን ጠዋት ላይ ነው። በሌሊት ከወጣችሁ አንዱ ሄደ ማለት ነው።

አራተኛው፣ ቁርሱ ምሳን ይተካል ወይ የሚለው ነው። ይሄ ከሁሉም በላይ ብር የሚቆጥብ ጥያቄ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። አምስተኛው ከግቢው ውጭ ያለው ነገር ነው፣ በእግር የሚደረስ ሱፐርማርኬት ወይ ዳቦ ቤት ካለ አንድ ነገር ነው፣ በጀልባ ብቻ የሚደረስ ደሴት ላይ ከሆናችሁ ሌላ ነገር ነው። እና የመጨረሻው፣ ሀሳባችሁን ብትቀይሩ መለወጥ ይቻላል ወይ? አንዳንድ ሬት አንዴ ከተያዘ ቁርሱን መቀነስ አይቻልም፣ መጨመር ግን ሁልጊዜ ይቻላል ማለት ይቻላል።

ለማስሊያ የሚሆን ምሳሌ

የገንዘቡ ዓይነት አያስፈልገንም፣ የአንድ አዋቂ ቡፌ 100 ነው እንበልና ሌላውን ከሱ አንፃር እናስላ። ቤተሰቡ የኛው ዓይነት ይሁን፣ ሁለት አዋቂ፣ የ8 ዓመቱ ግማሽ ከፋይ፣ የ4 ዓመቷ ነፃ። ሰርቪስና ታክሱ ከላይ እንዳልኩት። ስለዚህ አንድ ጠዋት ቡፌ ለቤተሰቡ 250 ይሆንና ሲጨመርበት 316.25 ይመጣል። ቁርስ ያለበት ሬትና ቁርስ የሌለበት ሬት መሃል ያለው ልዩነት በአዳር 160 ነው እንበል፣ ታክሱን ጨምሮ፣ የሚሸፍነውም ሁለት አዋቂ ብቻ። ክፍል ውስጥ ገዝታችሁ ብትበሉ ደሞ ለቤተሰቡ በቀን 60። እነዚህ የምሳሌ ቁጥሮች ናቸው፣ የናንተን ሪዞርት ዋጋ አስገቡና አስሉ፣ አሰራሩ ያው ነው።

ቁርስ የተካተተበት ሬት

ቡክ ስታደርጉ ቤድ ኤንድ ብሬክፋስት ወይ ቢቢ ብለው የሚጽፉት ነው። ሩም ኦንሊ ማለት ክፍል ብቻ፣ ሃፍ ቦርድ ማለት ቁርስና አንድ ምግብ አብዛኛውን ጊዜ እራት፣ ፉል ቦርድ ሦስቱም፣ ኦል ኢንክሉሲቭ ደሞ ከነመጠጡ ነው።

ቢቢ ጥሩ የሚሆነው ሬቱ ላይ የሚጨመረው ከበር ላይ ዋጋ (ምግብ ቤቱ በገባችሁ ቁጥር ከሚከፈለው) ሲያንስ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያንሳል። በምሳሌያችን ሁለቱ አዋቂዎች በር ላይ ቢከፍሉ 253 ነው፣ በሬቱ ግን 160። ግን ይሄ 160 ብትበሉም ባትበሉም በየአዳሩ ይከፈላል። ስንት ቀን ብትሄዱ ነው ታዲያ የሚያዋጣው? ሰባት አዳር 1,120 ነው፣ ይሄን ለ253 ብናካፍለው 4.4 አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ አምስት ጠዋትና ከዛ በላይ የምትሄዱ ከሆነ ቢቢ ያሸንፋል፣ አራትና ከዛ በታች ከሆነ በየቀኑ መክፈል ይሻላል። የልጁ ዋጋ ሁለቱም ጋ በሄደ ቁጥር ስለሚከፈል ሂሳቡን አይቀይረውም። ይሄን ማካፈል በስልካችሁ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ሥሩት፦ የሬቱ ልዩነት በአዳር ሲባዛ በአዳሮቹ ቁጥር፣ ሲካፈል ለሁለት አዋቂ የበር ዋጋ።

ልጆቻችሁ ሁለቱም ነፃ የሚበሉበት ዕድሜ ላይ ከሆኑ ደሞ ብዙ አትጨነቁ፣ ቢቢ ያዙ። 160ው አራታችሁንም ሸፈነ ማለት ነው። ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ወላጆች ይሄ ዕድል ለጥቂት ዓመት ብቻ ነው ያለው፣ ተጠቀሙበት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ኦንላይን ስትይዙ "2 አዋቂ" ብላችሁ ልጆቹን ሳታስገቡ ከያዛችሁ ርካሽ ይመስላል፣ ስትደርሱ ግን ልጆቹ እንደ ተጨማሪ ሰው ይቆጠራሉ፣ ቁርሱም ከሱ ጋር። ዕድሜያቸውን በትክክል አስገቡና የሚመጣውን ዋጋ እዩ፣ ከዛ "ቁርሱ ለነማን ነው?" ብላችሁ በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ሪሴፕሽን ላይ ክርክር ቢነሳ የምታሳዩት እሱን ነው።

ሩም ኦንሊ ይዞ ቡፌውን በየቀኑ መክፈል

ነፃነት አለው፣ በፈለጋችሁበት ቀን ትገባላችሁ፣ ካልፈለጋችሁ ትተዋላችሁ። ግን በየቀኑ የምትገቡ ከሆነ ከሁሉም ውዱ እሱ ነው፣ በምሳሌያችን 7 ቀን 2,213.75 ደረሰ። እኔ እንደማየው ሰው እዚህ ውስጥ የሚገባው አስቦበት አይደለም፣ ቢቢውን ለመቆጠብ ብሎ ይተወዋል፣ ከዛ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ልጆች ሲርባቸው ሌላ ዝግጅት ስለሌለ ቡፌ ይገባል፣ በሁለተኛውም ቀን እንደዛው። ሩም ኦንሊ ከያዛችሁ ለመጀመሪያው ጠዋት የሚሆን ነገር ሻንጣ ውስጥ ይኑር።

ቡፌ የሚከፈለው በሰው ነው፣ በሚበላው መጠን አይደለም። "እኔ ቡና ብቻ ነው" ብላችሁ ቁጭ ካላችሁ ብዙ ቦታ እንደ ሙሉ ሰው ትቆጠራላችሁ። ጠዋት የማይበላ ሰው ቤት ውስጥ ካለ እሱ ክፍል ቢቀር ይሻላል። እኛ ቤት አንዳችን ከትልቁ ልጅ ጋር ገብተን አንዳችን ከትንሿ ጋር ባህር ዳርቻው ላይ የቀረንበት ቀን አለ፣ ትንሿ ፀጥ ያለውን አሸዋ ለብቻዋ ስላገኘችው በጣም ደስ አላት።

ክፍል ውስጥ ራስን ማብላት

እዚህ ጋ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ብሩ ያለው እዚህ ነው፣ ሰውም በትክክል ስለማያዘጋጀው በሁለተኛው ቀን ይሰለቸዋል።

የ4 ዓመት ልጅ ቡፌ ላይ ምን ትበላለች? የኛዋ ግማሽ ፓንኬክ፣ ሦስት ቁራጭ ሐብሐብና ግማሽ ብርጭቆ ወተት ነበር፣ በሰባቱም ቀን። ትልቁም ከሁለተኛው ቀን በኋላ ሲሪያል ብቻ ነበር የሚያነሳው፣ ያውም ቤት የሚበላውን። ልጅ ለብዛት ግድ የለውም፣ ስለዚህ ክፍል ውስጥ ሲሪያል፣ ዳቦ፣ ሙዝና እርጎ ቢያገኝ ምንም አልጎደለበትም። ቡፌው የሚያስደስተው ትልልቆቹን ነው።

የሚያስፈልገው እቃ ትንሽ ነው፦ ክዳን ያለው ሳህን ለየሰው አንድ፣ ማንኪያ፣ ትንሽ ቢላ (ቢላው ሻንጣ ውስጥ እንጂ በእጅ ቦርሳ አውሮፕላን ላይ እንዳይገባ)፣ የሚዘጋ ላስቲክ ከረጢት፣ የሳህን ስፖንጅ። ከረጢቱን አትርሱት፣ ባህር ዳር ያለ ክፍል ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ሳይሸፈን ካደረ ጠዋት የጉንዳን ሰልፍ ታገኛላችሁ። ክፍሉ ውሃ ማፍያ ካለው ፈጣን ኦትስ፣ ሻይና ቡና ይሠራል። ውሃ ማፍያው ውስጥ ግን ከውሃ ሌላ ነገር አትጨምሩ፣ ከናንተ በኋላ የሚጠቀምበት ሰው አለ።

ፍሪጁ ላይ ተጠንቀቁ። የሚኒባር ፍሪጅ ብዙ ጊዜ እንደ ቤት ፍሪጅ አይቀዘቅዝም፣ ወተትና እርጎ ደሞ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዛ በታች ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ ከትልቅ ጠርሙስ ይልቅ ትንንሽ ካርቶን ውስጥ የታሸገውን ረጅም ጊዜ የሚቆይ ወተት ግዙ፣ ሳይከፈት ፍሪጅ አያስፈልገውም፣ ከፍታችሁ አንዴ ትጨርሱታላችሁ። አንዳንድ ሚኒባር ደሞ ሴንሰር አለው፣ የናንተን እርጎ ለማስገባት የነሱን ጣሳ ገፋ ስታደርጉ እንደተጠጣ ቆጥሮ ሂሳብ ላይ ይጽፋል። ከመንካታችሁ በፊት ሪሴፕሽን ደውላችሁ "ባዶ አድርጉልን" በሉ፣ የተለመደ ጥያቄ ነው።

ከቤት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደረቅ ነገር ይሁን፣ ኦትስ፣ ሲሪያል፣ ብስኩት፣ የኦቾሎኒ ቅቤ። ብዙ አገሮች ስጋ፣ የወተት ውጤትና ትኩስ ፍራፍሬ በድንበር አያስገቡም፣ ሪዞርቱም ራሱ ከውጭ ምግብ ማስገባት ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከኤርፖርት ስትመጡ ሹፌሩን አንድ ሱፐርማርኬት ጋ 15 ደቂቃ እንዲያቆምላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ሪዞርት ከገባችሁ በኋላ ለወተት ብላችሁ ታክሲ ብትጠሩ የታክሲው ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። ግቢው ውስጥ ያለው ሱቅ አብዛኛውን ጊዜ ውድ ነው፣ ለአንድ ቀን ካልሆነ አትመኑበት።

ደካማ ጎኑ ምንድነው? ሥራ ነው። አንድ ሰው ሳህን ያጥባል፣ ያ ሰው ደሞ ለእረፍት የመጣ ሰው ነው። ሁልጊዜ ያው አንዱ ወላጅ ከሆነ የሚያጥበው ይሄን ወጪ ብላችሁ ቁጠሩት፣ እኔ እቆጥረዋለሁ። ሁለተኛው ደካማ ጎን ቡና ነው፣ ትልልቆቹ የክፍሉን ቡና ካልወደዱት ሎቢ ወርደው ሁለት ቡናና ሁለት ጁስ ሲያዙ ሂሳቡ ወደ ቡፌው መጠጋት ይጀምራል። የምትወዱትን ቡና ይዛችሁ ሂዱ።

ኪችን ያለው ክፍል በአዳር ይጨምራል፣ ለቁርስ ብቻ ከሆነ ላያዋጣ ይችላል። እራትም የምታበስሉበት ከሆነና ልጆቹ ሦስት ከሆኑ ግን ሌላ አማራጭ ሁሉ ከሱ በታች ነው።

በሜኑ ማዘዝ፣ ሩም ሰርቪስ፣ ላውንጅ፣ ሃፍ ቦርድ

ከቡፌው ጎን በሜኑ የሚታዘዝበት ካፌ ካለ እዩት፣ ብዙ ሰው አያየውም። ሁለት ሳህን በ45፣ ልጆቹ የሚካፈሉት አንድ ሳህን በ30፣ ሁለት ቡና በ15 ብንል 150 ነው፣ ከነታክሱ 189.75፣ ከቡፌው በ126.50 ያንሳል። ሪዞርት ላይ አንድ የእንቁላል ሳህን ለሁለት ልጅ ይበቃል፣ ተጨማሪ ባዶ ሳህን ጠይቁ ብቻ።

ሩም ሰርቪስ በምግቡ ዋጋ ላይ የማምጫ ክፍያ ይጨመርበታል፣ ሰርቪሱና ታክሱም አለ። ለልደት ጠዋት ይሁን። ክለብ ላውንጅ ያለው ክፍል ቁርስና የማታ መክሰስ ያካትታል፣ ግን አንዳንዱ ለሁለት ሰው ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ደሞ ከተወሰነ ዕድሜ በታች ልጅ አያስገባም፣ ሁለቱንም ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

የሆቴል አባልነት ካርድ ያላችሁ ደሞ ነፃ ቁርሱ ብዙ ጊዜ ለአባሉና ለአንድ እንግዳ መሆኑን አትርሱ፣ ደንቡም ይቀያየራል። ሂልተን ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ባሉ ብዙ ሆቴሎቹ ለጎልድና ዳይመንድ አባላት ይሰጥ የነበረውን ነፃ ቁርስ በቀን የምግብና የመጠጥ ክሬዲት (ከሂሳቡ ላይ በሚቀነስ የተወሰነ ገንዘብ) ተክቶታል፣ ውድ ሪዞርት ላይ ደሞ ክሬዲት ሙሉ ቡፌ ላይሸፍን ይችላል። አምና የሠራው ዘንድሮም ይሠራል ብላችሁ አትሂዱ።

ሃፍ ቦርድና ኦል ኢንክሉሲቭ በቁርስ ብቻ አይመዘኑም። ቀኑን ሙሉ ግቢ የምትውሉ ከሆነና ልጆች በየሰዓቱ ጁስና አይስክሬም የሚጠይቁ ከሆነ ኦል ኢንክሉሲቭ ይረዳል፣ በየቀኑ የምትወጡ ከሆነ ያልበላችሁትን ትከፍላላችሁ። ሃፍ ቦርድ ላይ የእራት መጠጥ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነው የሚከፈለው፣ ውሃም ሳይቀር።

ሁሉንም አንድ ላይ ስናየው

| አማራጭ | 7 ጠዋት በምሳሌያችን | ለማን ይሆናል | የሚጠነቀቁለት |
|---|---|---|---|
| ቢቢ፣ በየቀኑ ቡፌ | 1,562.75 | በየቀኑ ለሚገቡ፣ ትንንሽ ልጆች ላሏቸው | ልጆቹ ተካተዋል ወይ? |
| ሩም ኦንሊ፣ በየቀኑ ቡፌ | 2,213.75 | ለማንም አልመክርም | የበር ዋጋ፣ ፕላስ ፕላስ |
| ሩም ኦንሊ፣ 4 ቡፌና 3 በክፍል | 1,445.00 | ሦስት ጠዋት በሌሊት ለሚወጡ | ከቢቢ ብዙም አይርቅም |
| ሩም ኦንሊ፣ 2 ቡፌና 5 በክፍል | 932.50 | ለብዙ ቤተሰብ | ግዢው ከመግባት በፊት |
| በየቀኑ በሜኑ | 1,328.25 | ትንሽ ለሚበሉ፣ ለሚካፈሉ | መጠጡ ሂሳብ ያንራል |
| በየቀኑ በክፍል | 420.00 | በጀት ለጠበበበት | ድካም፣ ፍሪጅ |

ሠንጠረዡ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አራት ቀን ቡፌ ሦስት ቀን ክፍል ያደረገ ቤተሰብ 1,445 ከፈለ፣ በየቀኑ በቢቢ የገባው 1,562.75። ልዩነቱ 117.75 ብቻ ነው፣ ለሱ ብሎ ሦስት ጠዋት ሳህን አጠበ፣ ሦስት ቡፌም ቀረበት። መሃል ላይ መቆም ብዙም አይቆጥብም። ወይ ቢቢ ይዛችሁ በየቀኑ በደንብ ብሉበት፣ ወይ ቡፌውን ወደ ሁለት ጠዋት አውርዱትና ሌላውን ክፍል ውስጥ ጨርሱት፣ ያኔ ከቢቢው ከ600 በላይ ይተርፋል። እኔ አሁን የማደርገው ሁለተኛውን ነው፣ ሁለቱን የቡፌ ጠዋት አስቀድመን መርጠን ለልጆቹ እንነግራቸዋለን፣ እነሱም እንደ በዓል ይጠብቁታል።

ቡፌ የምትገቡበትን ቀን እንዴት ትጠቀሙበት

ቡፌ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል የሚዘጋ ከሆነ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ግቡ። ልጆች ግን 12 ሰዓት ላይ ነው የሚነሱት፣ ያንን ሰዓት ለመሙላት ሙዝና ወተት ክፍል ውስጥ ስጧቸው፣ ወደ ባህሩ ውረዱ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ዋኙ፣ ከዛ ተርቧቸው ይገባሉ። እንቁላሉን፣ አሳውን፣ አይቡን፣ ማለትም የሚያጠግበውን መጀመሪያ፣ ኬኩን መጨረሻ። ከዛ በኋላ ምሳ የሚጠይቅ የለም፣ 9 ሰዓት ላይ ፍራፍሬና ብስኩት ይበቃል። ሪዞርት ላይ ምሳ ለአራት ሰው ብዙ ጊዜ ከቁርሱ ይበልጣል፣ ስለዚህ ምሳውን የተካ ቡፌ ዋጋው ውድ አይደለም። 1 ሰዓት ላይ ገብታችሁ 7 ሰዓት ላይ ምሳ የምትበሉ ከሆነ ግን ሁለቱንም ከፈላችሁ።

ከቡፌ ይዞ መውጣት ብዙ ቦታ አይፈቀድም፣ ለትንሽ ልጅ አንድ ፍራፍሬ ሲጠየቁ ግን ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ፣ ደብቆ ከመያዝ መጠየቅ ይሻላል። እንቁላል፣ አይብና ስጋ ያለው ነገር ግን ቢፈቀድም አትያዙ። እንደዛ ያለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደሞ ከ1 ሰዓት በላይ፣ ባህር ዳርቻ ላይ ያለ ቦርሳ ውስጥ ይሄ ቶሎ ነው የሚያልፈው። የታመመ ልጅ ይዞ ሪዞርት ላይ ሐኪም መጥራት ከስንት ቡፌ ይበልጣል።

ለየቤተሰቡ

ሁለቱም ልጆች ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ፦ ቢቢ፣ ልጆቹ ነፃ መሆናቸውን በጽሑፍ አረጋግጣችሁ።

አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት የሆነው ልጅ ካላችሁ የአዋቂ ዋጋ ነው የሚከፈልለት፣ ግን ይበላዋል። ለሱ ቡፌ ያዋጣል፣ በተለይ ዘግይቶ ስለሚነሳ ምሳውን አብሮ ይጨርሰዋል። የቢቢው ሬት ሦስተኛ ሰው ሲጨመር ስንት እንደሚሆን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ከበር ዋጋው ያንሳል።

ከ6 እስከ 11 ያሉ ሦስት ልጆች ካሏችሁ፦ ግማሽ ዋጋ ሦስት ጊዜ አንድ ተኩል አዋቂ ነው፣ ኪችን ያለው ክፍል ፈልጉ።

ደሴት ላይ ብቻውን ያለ ሪዞርት ከሆነ፦ ሱቅም ዳቦ ቤትም የለም፣ ቢቢ ወይ ሃፍ ቦርድ ገና ስትይዙ ውሰዱ፣ ስትደርሱ የሚደመረው ዋጋ ከፍ ሊል ይችላል። ደረቅ ነገር ለልጆቹ ያዙ።

በየቀኑ ጠዋት ለጉብኝት የምትወጡ ከሆነ፦ ሩም ኦንሊ። ወይም ቢቢ ካላችሁ ማታ ሪሴፕሽን ሄዳችሁ የታሸገ ቁርስ አዘጋጁልን በሉ። ብዙ ሪዞርት ይሠራል፣ ግን ካልተጠየቀ አይሰጥም፣ አብዛኛውም ከምሽቱ በፊት ንገሩን ይላል። ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ጁስ፣ አንዳንዴ የተቀቀለ እንቁላል ነው የሚኖረው። ለመጨረሻው ቀን በረራም እንደዛው ነው፣ በሌሊት 10 ሰዓት መኪና የሚወስዳችሁ ከሆነ አራት ሣጥን በስማችሁ ሪሴፕሽን ላይ እንዲቀመጥ ከዋዜማው ቀን ጀምሮ ተናገሩ፣ ቁጥሩንም አራት ብላችሁ አስጽፉ፣ ሁለት ብቻ አዘጋጅተው ሊጠብቋችሁ ይችላሉ። ጁሱን ግን ኤርፖርት ፍተሻ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት መኪና ውስጥ ጠጡት።